ከአባቴ አልጋ የወጡ ሁለት ሞላዎች

መርሳ፣ እናቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ያረጀ የሽቦ አልጋ አለ። ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ከቀለሙ ዝገቱ ይበዛል። ፍራሹን ገለጥ አድርጎ ላየው ሰው፣ የሽቦ መረቡ ዙሪያውን በትንንሽ ሞላዎች ከብረቱ ጋር ተያይዟል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሞላ የለም፤ በምትኩ ሲባጎ ታስሯል። አንዱ መሃል ላይ ነው፣ የሰው ወገብ በሚያርፍበት። ሌላው እግርጌ ጥጉ ጋ። ሲባጎውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮው የልጅ ቋጠሮ ስለሆነ ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል።

ዛሬ ወልድያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ሚኒባስ ይዤ በሲሪንቃ በኩል መርሳ እወርዳለሁ። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች የመኪናውን መስኮት ሲከቡት ደረስኩ ማለት ነው። ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ሌሎቹ ሞላዎች እንደ ድሯቸው ሲጢጥ ይላሉ፣ ሲባጎው ዝም ይላል። ያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ሉባባ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን ሳታወልቅ፣ በሩ ጉበን ላይ ምስማር ስትመታ ትታየኛለች።

ልጅ እያለሁ አልጋው የአባታችን ነበር። አባታችን ብርቱካንና ማንጎ ከየገበሬው እየሰበሰበ ወደ ደሴ የሚጭን ነጋዴ ነበር፤ ልብሱም እጁም ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። ኋላ ታመመና ከዚያ አልጋ ላይ ሳይነሳ ከረመ። መብላት ካቃተው በኋላም የብርቱካን ልጣጭ ከትራሱ ሥር አያጣም ነበር፤ ለማሽተት። ሲሞት አልጋው መሃሉ ጎድጉዶ ቀረ። እናቴ ለብዙ ጊዜ ማንንም አላስተኛችበትም፤ ከዚያ አንድ ቀን ሁለታችሁም ግቡበት አለችን። እኔና ሉባባ ግራና ቀኝ ተኝተን እንጀምራለን፣ ሲነጋ ሁለታችንም መሃል ጎድጓዳው ውስጥ ተጠቃቅለን እንገኛለን። «የአባዬ ጎድጓዳ» እንለው ነበር። ማን ማንን ገፋ በሚለው ጠዋት ጠዋት እንጣላለን።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእኛ እናት ይህን ተረት ለማስመስከር የወለደችን እስኪመስል ድረስ አንመሳሰልም ነበር። ሰፈር ውስጥ ሱዚ ስንጫወት፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪ፣ ቆርጠን የቀጣጠልናትን ላስቲክ እኔ እዘላታለሁ፤ ሉባባ ተራዋን ትታ ላስቲኳን ትጎትታለች። «ይህን ያህል ስስባት ይህን ያህል ረዘመች፣ እጥፍ ብስባትስ?» ትላለች። ልጆቹ «አንቺ ደግሞ፣ ዝለይ ወይ ውጪ» ይሏታል። ትወጣለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላስቲክ ስትስብ ትቆያለች፣ ያውም ደስ ብሏት።

አሥረኛ ክፍል ስትደርስ መምህር ታደሰ የሚባሉ የፊዚክስ አስተማሪ መጡላት። ከወልድያ የመጡ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የለበሰ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በትምህርት ቤታችን በሩ ላይ «ላቦራቶሪ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበር፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነበር የሚቀመጥበት። መምህር ታደሰ ሞላን ሰሌዳ ላይ ስለው ያስተምራሉ፤ ክብደት ሲንጠለጠልበት ይረዝማል፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ የሚጨምረውም እጥፍ ነው፣ ጠንካራ የሚባለው ሞላ በዚያው ክብደት ጥቂት ብቻ የሚረዝመው ነው። ሉባባ ይህን ሰምታ ቤት ስትገባ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ ፍራሹን ገለበጠችው። የሚያንገበግባት ጥያቄ አንድ ነበር። ከአባታችን ወገብ ሥር የነበረው ሞላ፣ ያን ሁሉ ወራት ተሸክሞ፣ ደክሟል ወይስ አልደከመም?

በዚያው ሰሞን አጎቴ ሁሴን ቤታችን መመላለስ አበዙ። የአባቴ ወንድም ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የጎደለውን አይተው እንዳላዩ አላለፉም። ግን የጎረቤት ሴት ልጆች ዐረብ አገር ሄደው የእናቶቻቸውን ቤት በቆርቆሮ ሲያለብሱ አይተዋል፤ ለሉባባም መንገድ የሚከፍት ሰው አግኝተዋል። እናቴ አልፈለገችም። በፊታቸው ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት፣ «ትማርልኝ ሁሴን፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ትማርልኝ» ብላ እጃቸውን ያዘች። አጎቴ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሞላና ሥሩ የተኮለኮለውን ጓዝ አዩና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ዘሃራ» አሏት። እናቴ እጃቸውን አልለቀቀችም።

በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ወልድያ ላይ የየወረዳው ተማሪዎች የሠሩትን የሚያሳዩበት የሳይንስ አውደ ርዕይ ሊደረግ ነበር፤ መምህር ታደሰ ሉባባን ሊያቀርቧት አስበዋል። አጎቴ ሁሴን «እሄዳለሁ፣ በዐይኔ አያለሁ» አሉ። ስሟ ከአሸናፊዎቹ ጋር ከተጠራ እስከ አሥራ ሁለተኛ ትማራለች፣ ስለ ዐረብ አገር ወሬ የለም። ካልተጠራ ጓደኞቿ የሄዱበት ትሄዳለች። ሉባባ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሞላዎቿ ተመለሰች። ያኔ የምትሠራውን እንጂ የምትፈራውን አላወቅኩላትም ነበር።

ፍራሹን በገለበጠችበት ቀን የፈታችው ሁለት ሞላ ነበር፤ አንዱን ከጎድጓዳው መሃል፣ ሌላውን ማንም ከማይተኛበት ከእግርጌ ጥግ። በቦታቸው ሲባጎ እንዳስር ያዘዘችኝ ያን ቀን ነው። ሞላዎቹን ጉበኑ ላይ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ከመጥረጊያ የተመዘዘች አንዲት ስንደዶ አጋድማ አሰረች፤ ከጀርባቸው የልብስ ሰፊ ሜትር ጣውላ ላይ ለጠፈች። ስንደዶዋ ስትወርድ ቁጥሩን እናነባለን። እኔ አንባቢዋ ነበርኩ፤ «ዐይንሽን ከስንደዶዋ ትክክል አድርጊ፣ ከላይ አትዪ» እያለች ጭንቅላቴን በእጇ ዝቅ ታደርገዋለች።

የመጀመሪያው ክብደታችን ማንጎ ነበር። መርሳ ተወልዶ ክብደት ሲባል ሌላ ምን ይታሰበዋል? እኩል እኩል የሚሆኑትን መርጣ በመረብ አንጠለጠለቻቸው። በማግስቱ ስትለካ ሌላ ቁጥር መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። ማንጎው እየጠወለገ ይቀል ነበር፤ ከዚያም ሌላ አንዱን ማንጎ እኔ በልቼው በትንሹ ተክቼዋለሁ። ሉባባ አልተቆጣችም፤ ለረጅም ጊዜ ሳቀችና «የማይጠወልግና ሰዓዳ የማትበላው ነገር ያስፈልገናል» አለች። ስለዚህ ወንዝ ወርደን አሸዋ አመጣን። እርጥብ አሸዋም እንደ ማንጎው እንዳያታልላት ቆርቆሮ ላይ አሰጣችውና ፀሐይ መታው። በመርሳ ፀሐይ የማይደርቅ ነገር የለም።

አሸዋውን የመዘነችው በእናታችን ሚዛን ነው። እናቴ ገበያ ላይ ማሾና ምስር፣ አንዳንዴም ሽምብራ ትሸጥ ነበር፤ በሰንሰለት የሚንጠለጠል ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበራት። ሉባባ በአንዱ ሳህን የግማሽ ኪሎ ብረት፣ በሌላው አሸዋ የያዘ ፌስታል ታስቀምጣለች። ትንሽ ከበለጠ በጣቷ ቆንጥራ ታነሳለች፣ ትንሽ ካነሰ ቆንጥራ ትመልሳለች፣ ሳህኖቹ ልክ እኩል እስኪቆሙ ትንፋሿን ትይዛለች። እናቴ በሩ ጋ ማሾ እያበጠረች ታያትና ትስቃለች። «ያረቢ፣ ይህን ንፍገት ከየት ተማርሽው? ለሰው እንዲህ ብትሰፍሪ ማን ይመለስልሻል?» ሉባባም «ሞላ ደንበኛ አይደለም እማዬ» ትላለች።

የእናቴን አሰፋፈር መርሳ ገበያ ያውቀዋል። ሳህኖቹ እኩል ሲሆኑ ለእሷ ገና አልመዘነችም፤ ከዚያ በላይ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ገዢው «መርቂልኝ» ሳይል ነው የምትመርቀው። የጎደለ ሚዛን ቀብር ድረስ ይከተላል ትል ነበር፤ እንዳይጎድል ደግሞ መድኃኒቱ ማትረፍ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ገዢ ድርሻ ነበር። የጆንያ ቂጥ ይዞ ቤት መግባት ደግ አይደለም ብላ፣ የተረፈውን እፍኝ በእፍኝ ለእሱ ታፈስለታለች። እኛ ይህን እያየን ስላደግን እንደ መተንፈስ ነበር፤ ማንም መተንፈሱን ልብ አይልም።

ውጤቱ በወጣ ቀን ሉባባ ያለቀሰችውን አልረሳም። ከመሃል የወጣው ሞላ ከሌላው ይረዝማል፤ ባዶውን ሲንጠለጠል ራሱ ረዝሟል። ግን ፌስታል ሲጨመርበት የሚሄደው ርቀት ከጓደኛው ጋር እኩል ነው። አንድ ሲጨመር እኩል፣ ሁለት ሲጨመር እኩል። ነጥቦቹን ወረቀት ላይ አስፍራ መስመር ስትሰምር ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ገጠሙ። እኔ ምኑም አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ሞላውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ረዝሟል እንጂ አልደከመም፣ ሰዓዳ። አባዬን ተሸክሞ አልደከመም» አለችና አለቀሰች። መምህር ታደሰ ሲያዩት ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በትልቁ ጽፋ ከሥዕሉ በላይ እንድትለጥፈው ነገሯት።

ወደ ወልድያ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሉባባ ለመጨረሻ ልምምድ ትምህርት ቤት ዋለች። ከሰዓት በኋላ እናቴ ከገበያ ተመልሳ የአሸዋውን ፌስታሎች አነሳቻቸው፤ አንዱ ተቀዶ አሸዋው መሬት ላይ ፈሰሰ። ቁጭ ብላ አየችው። «ልጄ አፈር ይዛ ሰው ፊት ልትቀርብ?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ተነሥታ ከአዲስ አቡጀዴ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፋች፤ አፋቸውን በቀይ ክር ዘመዘመችው። ከዚያ ሚዛኗን ሰቅላ፣ ለዘር ካስቀመጠችው ከምርጡ ማሾ እየዘገነች ትሞላቸው ጀመር። እኔ ከረጢት ያዥ ነበርኩ። ሳህኖቹ እኩል ሲሆኑ እጇ ወደ ጆንያው ትመለሳለች፤ አንድ እፍኝ። የመጨረሻዎቹን ስትሞላ ጆንያው ቂጡ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ልማዷ አራግፋ ጨመረችላቸው። ከረጢቶቹ ተደርድረው ሲታዩ እንደ ሙሽራ ያምሩ ነበር።

ሉባባ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። አሸዋው ተጠርጎ ወጥቷል። እናታችን ፊቷን እያየች ትጠብቃለች። «ልክ ነው እማዬ?» አለቻት። «በገዛ ሚዛኔ» አለች እናቴ። ሉባባ ቀይ ክሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ሳመቻት፤ እንዴት እንደገና ልመዝን ትበል? እናትን፣ ያውም ሚዛን ላይ የምትኖር እናትን፣ ደግሜ ልይሽ አይባልም።

ወልድያ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በአንሶላ በተሸፈኑ ጠረጴዛዎች ላይ ከሸክላ የተሠራ ልብ አለ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሽከረከር ነገር አለ፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። ጎረቤታችን አናጢ የሠራልን የእንጨት ማቀፊያ ላይ ሁለቱን ሞላዎች ሰቀልን። ከኋላችን እናቴ አዲሱን ሻሿን አስራ፣ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከመጡ የመርሳ ነጋዴ ሴቶች ጋር ቆማለች። አጎቴ ሁሴን ከፊት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።  ሉባባ ለዳኞቹ ስለ አባታችን አልጋ ነገረቻቸው። አጎቴ ሁሴን ወደ ማቀፊያው ጠጋ አሉ።

ከዚያ ከረጢቶቹን እንዳንጠለጥል ጠቀሰችኝ። በግራው አንድ፣ በቀኙ አንድ። ስንደዶዎቹ እኩል መውረድ ነበረባቸው፤ የአባዬ ሞላ ትንሽ አለፈ። ሁለተኛዎቹን ጨመርኩ፣ ይበልጥ አለፈ። የመጨረሻዎቹን ስጨምር የአባታችን ሞላ ከኋላ ለቆመ ሰው እስኪታይ ድረስ ዘቅዝቆ ወረደ። ከጀርባችን የተለጠፈው ወረቀት በትልቁ «አልደከመም» ይላል። መነጽር ያደረጉት አዛውንት ዳኛ ወረቀቱንም ሞላውንም እያፈራረቁ አዩ። «ልጄ፣ ሥዕልሽ እኩል ነው ይላል። ዐይናችን ደግሞ እኩል አይደለም ይላል» አሏት፤ ለስለስ ብለው።

ሉባባ የመጨረሻውን ከረጢት አውርዳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የጓደኛውን በሌላው መዳፏ። የነጋዴ ልጅ ናት፤ መዳፏ የነገራትን ልዩነት ፊቷ ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መምህር ታደሰ ከጎን ሆነው «አቀያይሪያቸው፣ ከረጢቶቹን አቀያይሪያቸው» ብለው አንሾካሾኩ። ቢቀያየሩ ኖሮ ሌላኛው ሞላ ይዘቀዝቅ ነበር፤ ጥፋቱ የሞላው ሳይሆን የከረጢቱ መሆኑ ለሁሉም ይታይ ነበር። ሉባባ ወደ ኋላ ዞራ እናታችንን አየቻት። እናታችን ፈገግ አለችላት።

«ከረጢቶቹን ማን ነው የመዘነው?» አሉ ዳኛው።

«እናቴ ናት።»

«እኩል ለመሆናቸው እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቴ መርሳ ገበያ ነው የምትሸጠው» አለች ሉባባ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እናቴ ሚዛን አትሳሳትም።»

ከኋላ የመርሳ ሴቶች «ወላሂ እውነት ነው» አሉ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የተሳሳተው ሥዕሉ ነው ማለት ነው።» ሉባባ ከረጢቱን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አዎ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። መምህር ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጠመኔ በለበሰው ኮታቸው ያብሱት ጀመር።

ስሟ አልተጠራም። አጎቴ ሁሴን የአዳራሹ ደረጃ ላይ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና «አብሽሪ ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሏት። ከልባቸው ነበር ያሉት። ቃላቸው ግን ቃል ነበር።

ስንመለስ እናቴ አውቶቡሱ ፊት ተቀምጣ ለጎኗ ሴት ትተርካለች። ልጇ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እናቴ ሚዛን አትሳሳትም ማለቷን፣ አሁንም አሁንም። ማዘኗም መኩራቷም ድምጿ ላይ ተደባልቋል። እኔና ሉባባ ከኋላ ነበርን። የሲሪንቃን የሙከራ እርሻዎች፣ ትንንሽ ሰሌዳ የተተከለባቸውን መደቦች ስናልፍ ሉባባ የአንዱን ከረጢት ቀይ ክር ፈታችና ማሾውን አሳየችኝ። «እማዬ መርቃበት ነው፤ በአባዬ በኩል የደረሱት ላይ ምርቃቱ በዝቷል» አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

«ምን ብዬ? የመርሳ ሴቶች ቆመው የዘሃራ ሚዛን ልክ አይደለም ልበል? መትረፉን ማን ይሰማል? ልክ አይደለም የምትለዋን ብቻ ይዘው ነው የሚገቡት።» ወደ መስኮቱ ዞረች። ቆየት ብላ፣ «ደግሞ ምክንያቱ እሷ መሆኗን ከሰማች እጇን ትጠላዋለች። እንዳትነግሪያት ሰዓዳ» አለችኝ። ከዚያ ቀይ ክሩን መልሳ አሰረችው።

ያን ሳምንት የማሾ ወጥ ስንበላ ሰነበትን። ባዶዎቹን ከረጢቶች እናቴ አጥባ አስቀመጠቻቸው። ሉባባ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ በሶ ሞላችባቸው፤ ስፌታቸው እስኪወጠር ድረስ። መኪናው ወደ ውርጌሳ መታጠፊያውን ይዞ እስኪሰወር ቆመን አየን። ሞላዎቹን አልጋው ላይ መልሼ ልስቀላቸው ብላት እምቢ ብላኝ ነበር፤ ሲባጎው ይበቃዋል፣ አንቺ ያዣቸው አለችኝ።

ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ቆየች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ኋላ በየበዓሉ፤ ኋላም ቀረ። ስትመለስ የራሷን ሻንጣ እንኳ የያዘላት ሌላ ሰው ነበር። እዚያ ምን እንደደረሰባት አልነገረችንም። በመጀመሪያው ሰሞን ጠይቀናት ነበር፤ ጥያቄው ፊቷ ላይ ያደረገውን ስናይ ተውን። ዱዓ ተደረገላት፣ ሐኪምም አያት። አሁን ቀኑን ሙሉ ያ አልጋ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ። የምትበላውን ትበላለች፣ ለሰላምታ ራሷን ትነቀንቃለች። ወሬያችን ውስጥ ግን አትገባም። ያቺ ጠያቂ እህቴ፣ ስንት ልጅ ከሱዚ ያስወጣት እህቴ፣ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ ትከርማለች። ይህን መልመድ ነበረብኝ፤ አልለመድኩትም።

ሁለቱ ሞላዎች ወልድያ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የዛሬ ተማሪዎቼ ዕድለኞች ናቸው፤ ልካቸው የተረጋገጠ የብረት ክብደቶች አሏቸው፣ ቁጥር የሚያወጣ ሚዛን አላቸው። በየዓመቱ ያንኑ ሙከራ አሠራቸዋለሁ። በየዓመቱም ሁለቱ መስመሮች ይገጥማሉ፤ ረዝሟል እንጂ አልደከመም። ከዚያ ሞላ ከወሰኑ በላይ ሲሳብ ወደ ቦታው እንደማይመለስ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። ሰውን ከሽቦ ጋር ማመሳሰል አልወድም፤ ተማሪዎቼም እኔ ምን እንደማስብ ማወቅ የለባቸውም።

መርሳ ገበያም ተለውጧል። አሁን ሻጩ ሁሉ ቁጥር የሚያበራ ሚዛን አለው፤ ቁጥሩ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል፣ ገዢውም ቁጥሩን አይቶ ይሄዳል። ማንም ማንንም አላታለለም፤ ማንም ለማንም አልጨመረም። እናቴ ገበያ መውጣት ስላቃታት ቤቷ በር ላይ ነው የምትሸጠው። እኔ ራሴ ያን ዓይነት ሚዛን ገዝቼላታለሁ። ቁጥሩ ሲደርስ ታየዋለች፣ ከዚያ እንዳላየች ሆና እጇን ወደ ጆንያው ትሰዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ተቀምጠን ማሾ ስንለቅም ነበር። ሉባባ ከኋላችን አልጋው ላይ ናት። እናቴ ድንገት፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም፣ «ሰዓዳ፣ አንቺ አሁን ተምረሽ ታስተምሪያለሽ። ያን ጊዜ ወልድያ፣ ያ የእህትሽ ነገር ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለው?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቃኝ አታውቅም። «ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ያ ነገር እሺ ቢል ኖሮ እኮ…» ብላ ተወችው። እሷ ያልጨረሰችውን ሁላችንም እናውቀዋለን።  የማስተምረው ነገር ነው፣ አፌ ላይ ነው ያለው፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ማሾውን መልቀም ቀጠልኩ።

«ሞላው ነው እማዬ።»

ሁለታችንም ዞርን። ሉባባ ፊቷን ከመስኮቱ መልሳ እናታችንን ታያታለች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ አይታት አታውቅም። «የአባዬ ሞላ ነው» አለች፣ ዝግ ባለ፣ ባልለመደ ድምፅ። «ደክሞ ነበር።»

በሕይወቷ ያወቀችው ትልቁ ነገር ያ ነበር፤ አልደከመም የሚለው። ይዛው ያለቀሰችበት፣ በትልቁ ጽፋ የለጠፈችው፣ እኔ በየዓመቱ ለልጆች የማረጋግጥላት። እናታችን እጇን እንዳትጠላ ስትል አሳልፋ ሰጠችው።

የእናቴ እጅ ሥራውን አቆመ። ልጇ መናገሯም ነው፣ የተናገረችውም ነው። በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠራረገችና «እኔም ብዬ ነበር» አለች። «ስንቱን ወር ተሸክሞ፣ እንዴት አይደክም።» በዚሁ መሃል የጎረቤት ሴት ልጅ ሳህን ይዛ መጣች፤ ግማሽ ኪሎ ማሾ። እናቴ ሚዛኑ ላይ አድርጋ ቁጥሩ እስኪደርስ ጠበቀች። ደረሰ። እጇ ወደ ጆንያው ተመለሰ፣ አንድ እፍኝ ዘገነ፣ ሳህኑ ላይ አፈሰሰ። ሉባባ ከአልጋው ላይ ሆና ያን እጅ እስኪመለስ ድረስ በዐይኗ ተከተለችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።